ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ ለጭነት ክትትል፦ መዝገቡ ይሠራል፣ ጣጣው በሩ ላይ ነው

ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ እንደ ቢትኮይን ያለ ሳንቲም የሌለው ብሎክቼይን (ብዙ ወገኖች በጋራ የሚይዙት መዝገብ) ነው። የሚቆፈር ነገር የለውም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ተሳታፊም አያስገባም። ላኪው፣ አጓጓዡ፣ መጋዘኑና ተቀባዩ በየሰርተፍኬታቸው (ዲጂታል መታወቂያቸው) ታውቀው ይገባሉ፤ የአንድ የጋራ መዝገብ ቅጂ በየራሳቸው ሰርቨር ይይዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ተነስቶ የትናንቱን ገጽ መቅደድም ማረምም አይችልም። በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ስር የሚሠራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ስሪት 1.0 በ2017 ወጣ፤ ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተው በ2023 የወጣውንና የረጅም ጊዜ ድጋፍ የተሰጠውን 2.5ን ነው። በ2024 የተከተለው 3.0 አንድ ትልቅ ነገር ጨምሯል፤ ቦታው ሲደርስ ይነሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርዱን ከወዲሁ ማስቀመጥ ይሻላል። እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ የማይተማመኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች በአንድ ዕቃ እንቅስቃሴ ወይም ሒሳብ ላይ በየጊዜው የሚጨቃጨቁ ከሆነ፣ ፋብሪክ ለዚህ ሥራ ከሚቀርቡት ሁሉ የተሻለው ነው። አንድ ድርጅት የራሱን መጋዘን ለመቆጣጠር ብሎ ከሆነ ግን ተራ ዳታቤዝ ይበቃዋል፤ ፋብሪክ መትከል ለአንድ ሰው ቤት ሦስት ዘበኛ መቅጠር ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሰፊ መካከለኛ ሜዳ ነው ዝርዝር የሚፈልገው።

ማስረጃ የሚሆኑ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ሦስቱም በዚሁ ሶፍትዌር ላይ የተሠሩ ናቸው። በብዛት የሚጠቀሰው የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት ከቴክኖሎጂ ኩባንያው አይቢኤም ጋር ያደረገው የማንጎ ሙከራ ነው፦ አንድ የተቆራረጠ ማንጎ ከየት እርሻ እንደመጣ ለማወቅ በወረቀትና በስልክ 6 ቀን ከ18 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ፈጀ፣ በአዲሱ መዝገብ 2.2 ሰከንድ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱን ያመጣው ብሎክቼይኑ አይደለም። መረጃው አስቀድሞ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ መሰብሰቡ ነው። በተራ ዳታቤዝ ቢቀመጥም መልሱ በሰከንድ ይመጣ ነበር። ሻጭ ይህን ምሳሌ ደጋግሞ ካነሳ ጠንቀቅ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳምነው ብዙ ያልተወራለት የዋልማርት ካናዳ የጭነት ሒሳብ ነው። ከ70 አጓጓዦች ጋር የሚሠራው ይህ ድርጅት ከሚቀርቡለት ኢንቮይሶች ውስጥ 70 በመቶው ያህል ክርክር ይነሳባቸው ነበር፤ በጋራ መዝገብ ላይ ከተሠራ በኋላ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአንድ ጉዞ ሒሳብ የመቆሚያ ቦታ፣ የነዳጅ መጠን፣ የሙቀት ልኬት እያለ ወደ 200 የሚጠጉ ዝርዝሮች አሉት፤ ድሮ ሁለቱም ወገን በየራሱ ሲስተም አስልቶ መጨረሻ ላይ ያስተያያል። አሁን እያንዳንዱ ዝርዝር ሲደርስ ሁለቱም ይስማሙበታል፣ ኢንቮይሱም ከተስማሙበት ላይ ይወጣል። ክርክር የነበረበት፣ ገንዘብ የተያዘበት፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ወረቀት የሚያምንበት ሥራ፦ ፋብሪክ የሚያበራው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ውድቀት ነው። የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት መርስክና አይቢኤም የመርከብ ኮንቴይነር ሰነዶችን ለማስተላለፍ የጀመሩት ትሬድሌንስ በ2018 ስሙን ይዞ ወጣ፤ ቀጥሎ ሲኤምኤ ሲጂኤምንና ኤምኤስሲን የመሳሰሉ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች ገቡበት። ግን በኅዳር 2022 መጨረሻ ላይ እንደሚዘጋ ተነገረ፣ በ2023 መጀመሪያ ሩብ ዓመት ጠፋ። ሶፍትዌሩ አልተሰበረም። ባለቤቶቹ ራሳቸው የሰጡት ምክንያት ኢንዱስትሪው በሙሉ አለመተባበሩን ነው። አንዱ ተፎካካሪ የያዘው ገበያ ላይ ሌላው ተፎካካሪ ዕቃውን በሙሉ ልቡ አይዘረጋም። ስለዚህ ስለ ሰርቨር ከመነጋገር በፊት መዝገቡ የማን እንደሚሆን፣ ደንቡን ማን እንደሚቀይር፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል በውል መጻፍ አለበት።

ሲከፈት ምን አለው

ፋብሪክ አንድ ፕሮግራም አይደለም፤ አብረው የሚሠሩ ክፍሎች ስብስብ ነው። ፒር የሚባለው መዝገቡን ይይዛል፣ ግብይቱንም አይቶ ይፈርማል። ኦርደረር የተፈረሙትን ተቀብሎ በተራ ያሰልፋል፣ ብሎክ ያደርጋል። የሰርተፍኬት ባለሥልጣኑ ማን ማን እንደሆነ የሚያረጋግጡ መታወቂያዎችን ይሰጣል። ቼይንኮድ የሚባለው የሥራው ሕግ የተጻፈበት ፕሮግራም ነው፤ በጎ፣ በጃቫ ወይም በጃቫስክሪፕት ይጻፋል። ቻናል ደግሞ የተወሰኑ አባላት ብቻ የሚያዩት መዝገብ ነው።

ለሦስት ድርጅቶች ጤነኛ አቀማመጥ ይህን ይመስላል፦ ለእያንዳንዱ 2 ፒር፣ በጠቅላላው 6፤ 5 ኦርደረር፣ 2፣ 2ና 1 ተብሎ የተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ የመታወቂያና አንድ የግንኙነት ሰርተፍኬት ባለሥልጣን። ኦርደረሮቹ 5 የሚሆኑበት ምክንያት ራፍት የተባለው የስምምነት ዘዴ ከ5 ውስጥ 2 ቢጠፉ ስለሚቀጥል ነው። ሁለት የያዘው ድርጅት ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ እንኳ 3 ይቀራሉ፣ ሥራው አይቆምም። በ3 ኦርደረር የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፤ እሱ የሚችለው የ1ን መጥፋት ብቻ ስለሆነ አንዱን ለጥገና ባወረዱበት ሰዓት ሌላው ቢወድቅ ሁሉም ይቆማል። ሁሉንም ኦርደረር አንድ ድርጅት ቤት ማስቀመጥም የተለመደ ስህተት ነው፤ ያኔ ያልተማከለ የሚባለው ነገር በስም ብቻ ይቀራል።

ራፍት የሚከላከለው ከመውደቅ እንጂ ከተንኮል አይደለም። መሪ የሆነው ኦርደረር የማይፈልገውን ግብይት ቢያዘገይ ወይም ቢያስቀር የሚይዘው የለም። 3.0 የጨመረው ትልቁ ነገር ይህን ይመልሳል፦ ከ4 ኦርደረር አንዱ ቢዋሽ እንኳ የሚቀጥል የስምምነት ዘዴ። ኦርደረሮቹ ተፎካካሪ ድርጅቶች ቤት ከተቀመጡ ይህ ትርፍ አይደለም፣ አስፈላጊ ነው።

ተከላው ራሱ በዶከር (ፕሮግራሞችን በየሳጥናቸው አሽጎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ለመለማመድ ቀላል ነው፤ የሙከራ ኔትወርኩ በአንድ ትእዛዝ ይነሳል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከሙከራው ወደ እውነተኛው ሥራ ያለው ርቀት ግን ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። የሙከራው ሁለት ድርጅቶች ብቻ አሉት፤ የተለመደው የፊርማ ደንብ (ግብይት እንዲጸና ስንት ድርጅት መፈረም እንዳለበት የሚወስነው) የአብላጫ ስለሆነና የሁለት አብላጫ ሁለት ስለሆነ አንዱ ሲዘጋ ምንም አይጻፍም። ሦስት ሲሆኑ ሁለት ይበቃል። አራት ሲሆኑ ግን ሦስት ያስፈልጋል፤ አራተኛ አባል ጨምረው ሥራ የከበደባቸው ሰዎች መነሻው ይህ መሆኑን ልብ አይሉም።

ሌላው የሙከራ ቅሪት የብሎክ መጠን ነው። በናሙናው ማዋቀሪያ አንድ ብሎክ 10 ግብይት ሲሞላ ወይም 2 ሰከንድ ሲያልፍ ይዘጋል። ኮንቴይነር በር ላይ ለሚቃኝ ሠራተኛ 2 ሰከንድ ምንም አይደለም። በሰከንድ መቶ ካርቶን የሚያልፍበት ማንቀሳቀሻ ላይ ግን የ10ሩ ገደብ ትናንሽ ብሎኮች ስለሚያበዛ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል።

ቼይንኮድ የሚጫነው በአራት ደረጃ ነው፦ ማሸግ፣ ፒሩ ላይ መጫን፣ እያንዳንዱ ድርጅት ማጽደቅ፣ በመጨረሻ ማስፈጸም። ማሻሻያ ሲመጣ የተከታታይ ቁጥሩ በአንድ ካልጨመረ ወይም አንዱ ድርጅት የፊርማ ደንቡን በአንድ ቃል ለይቶ በማጽደቁ የሚፈለገው አብላጫ ከጎደለ ማስፈጸሙ ይከለከላል። ስህተቱን የሚያሳየው መልእክት ለጀማሪ ስለማይነበብ የትኛው ድርጅት ምን እንዳጸደቀ የሚያሳየውን የዝግጁነት ማጣሪያ ትእዛዝ መጀመሪያ ማስኬድ ጊዜ ይቆጥባል። ቼይንኮዱን ፒሩ ራሱ በዶከር እንዲገነባው ከማድረግ ይልቅ ለብቻው እንደ አገልግሎት ማቆሙ፣ በተለይ በኩበርኔቲስ (እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ላይ፣ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ዕቃው እንዴት ይመዘገባል

መዝገቡ የሚፈልገው የራስ ፈጠራ ቅርጽ አይደለም። ጂ.ኤስ.1 የተባለው ድርጅት ያወጣው ኢፒሲአይኤስ የሚባል የክስተት ደረጃ አለ፤ በ2022 የወጣው ስሪት 2.0 የዳሳሽ መረጃንም ያስገባል። እያንዳንዱ ክስተት ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚሉትን ይመልሳል። የዕቃው ዓይነት በ14 አሃዝ፣ ቦታው በ13፣ ፓሌቱ (ካርቶኖች ተደርድረው የሚጫኑበት መደብ) በ18 አሃዝ ይለያል። ይህን ትቶ የራስን ቁጥር መጀመር ማለት አዲስ አባል በገባ ቁጥር አዲስ ተርጓሚ መጻፍ ነው።

መረጃው ወደ መዝገቡ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ኤክሴል ውስጥ ያልፋል፤ ጉዳቱ የሚደርሰውም እዚያው ነው። በዜሮ የሚጀምር ባለ 14 አሃዝ ኮድ ኤክሴል ሲከፍተው ዜሮውን ይጥላል። ባለ 18 አሃዙ የፓሌት ቁጥር የባሰ ነው፦ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል ስለማይዝ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ዜሮ ያደርጋቸዋል። ፋይሉ ተመልሶ ሲቀመጥ ሁለት የተለያዩ ፓሌቶች አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ይህ የተሳሳተ ቁጥር ሦስት ድርጅቶች ፈርመውበት ለዘላለም የተጠበቀ እውነት ይሆናል። ቼይንኮዱ የመጨረሻውን የማረጋገጫ አሃዝ ራሱ አስልቶ የማይገጥመውን ካልመለሰ የቀረው ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ። ክስተቱ የተከሰተበት ሰዓትና መዝገቡ ላይ የገባበት ሰዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም መቀመጥ አለባቸው፣ ከነሰዓት ቀጠና ልዩነታቸው። በረጅም መንገድ ላይ ኔትወርክ ያጣ ስካነር አስር ሰዓት ዘግይቶ ቢልክ፣ መዝገቡ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ደረሰ ሊል ይችላል።

በአንድ ፓሌት ላይ 48 ካርቶን፣ በእያንዳንዱ ካርቶን 24 ዕቃ ቢኖር 1,152 ዕቃ ነው። ፓሌቱ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲገባ 1,152 ክስተት መጻፍ አያስፈልግም፤ ሲታሸግ አንድ ጊዜ የማቀፍ ክስተት (የትኞቹ ካርቶኖች ፓሌቱ ላይ እንዳሉ የሚናገር) ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው የፓሌቱ ብቻ ነው። የሚበላሸው መንገድ ላይ ፓሌቱ ተፈትቶ አስር ካርቶን ሲወጣና ማንም የመፍታት ክስተት ሳይጽፍ ሲቀር ነው። መዝገቡ ላይ አስሩ ካርቶን አሁንም ፓሌቱ ላይ ናቸው። ይህ በኮድ አይስተካከልም፤ መጋዘኑ ውስጥ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ ስካነር በማስቀመጥና ያለ ስካን ፕላስቲኩ እንዳይቀደድ በማድረግ ነው።

የተጻፈ አይሰረዝም። ስህተት ሲገኝ የቀድሞው ክስተት ስህተት መሆኑን የሚያሳውቅ ሌላ ክስተት ይጻፋል፣ ትክክለኛውም ከእሱ ጋር ይያያዛል፤ ደረጃው ለዚህ ቦታ አለው። ሪፖርት የሚያወጣው ፕሮግራም ይህን ሳያይ ሁለቱንም ከደመረ ብዛቱ እጥፍ ይሆናል።

ሥራ ላይ ሲውል የሚሰበረው

ፋብሪክ ግብይትን መጀመሪያ ያስኬዳል፣ ቀጥሎ ያሰልፋል፣ በመጨረሻ ያረጋግጣል። ጉልበቱም ድክመቱም ከዚህ ይመጣል። ፒሩ ሲያስኬድ ያነበበው ቁጥር እስኪረጋገጥ ድረስ በሌላ ሰው ከተቀየረ ግብይቱ ውድቅ ነው፤ የስህተት ኮዱ 11። በአቅርቦት ሥራ ይህ በብዛት የሚመጣው ጠቅላላ ብዛትን በአንድ ቁልፍ (የመዝገብ መለያ ስም) ስር ከማስቀመጥ ነው። «መጋዘን 3፣ ብዛት 4,200» ብሎ አንድ መስመር የያዘ ቼይንኮድ ላይ አምስት በሮች በአንድ ጊዜ ቢያወጡ አንዱ ያልፋል፣ አራቱ ይወድቃሉ። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በራሱ ቁልፍ ጽፎ ጠቅላላውን ሲፈለግ መደመር ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የወደቀው ግብይት ብሎኩ ውስጥ መታየቱ ነው፤ ልክ ያልሆነ የሚል ምልክት ብቻ ይደረግበታል። ደንበኛው ፕሮግራም የማረጋገጫውን ውጤት ሳይጠብቅ «ተልኳል» ብሎ ለሠራተኛው አረንጓዴ መብራት ካሳየ ያልተመዘገበ ዕቃ ከበር ይወጣል። ከ2.4 ጀምሮ የመጣው የጌትዌይ አገልግሎት ይህን ውጤት መጠበቅን ቀላል አድርጎታል፤ የድሮዎቹን መገናኛዎች ይዞ መጀመር አይመከርም።

ሌላው ቼይንኮዱ በሁሉም ፒር ላይ አንድ ዓይነት መልስ አለመስጠቱ ነው። ፕሮግራመሩ የሰርቨሩን ሰዓት ከጠራ ሁለት ፒር ሁለት ሰዓት ያነባሉ፣ ፊርማቸው አይገጥምም፣ ግብይቱ ይወድቃል። ሰዓት የሚወሰደው ከግብይቱ ራሱ ነው። ከውጭ ድረ ገጽ የምንዛሪ ተመን መጥራትም ያው ነው። ሙከራ ላይ አንድ ፒር ብቻ ሲፈርም ይህ ስህተት አይታይም፤ የሚወጣው ሁለተኛው ድርጅት የገባ ቀን ነው።

የመጠይቅ ዳታቤዙን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ፦ ሌቭል ዲቢ ፈጣንና ቀላል ነው፣ ካውች ዲቢ ደግሞ በይዘት መፈለግ ያስችላል። ምርጫው በመጀመሪያው ቀን ይደረግ፤ በኋላ ከሌቭል ዲቢ ወደ ካውች ዲቢ መዛወር አይደገፍም። ካውች ዲቢን የመረጠ ሰው የፍለጋ ኢንዴክሱን ከቼይንኮዱ ጋር አብሮ ካላሸገ መዝገቡ ሲያድግ ፍለጋው ይንቀራፈፋል። በይዘት ፍለጋ የተገኘ ውጤት ደግሞ በማረጋገጫው ወቅት ዳግም አይፈተሽም፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፍለጋ ላይ ተመሥርቶ ባለቤትነት ማዛወር ልክ አይደለም። ለማንበብ ብቻ ይጠቀሙበት።

ከሁሉ በላይ ግን ሥራ የሚያቆመው ሰርተፍኬት ነው። የፋብሪክ የሰርተፍኬት ባለሥልጣን ካልቀየሩት በቀር መታወቂያን ለ1 ዓመት ብቻ ይሰጣል። በደስታ የተመረቀ ኔትወርክ ልክ በዓመቱ ጸጥ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ የተሰጡ ስለሆኑ ሁሉም በአንድ ሳምንት ያልፋሉ። የኦርደረሮቹ የግንኙነት ሰርተፍኬት ካለፈ እርስ በርስ መነጋገር ስለማይችሉ ለማደሻ የሚያስፈልገውን የማዋቀሪያ ለውጥ ራሱን ማስገባት ይከብዳል። ቁልፉ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ እንደመቅረት ነው። መከላከያው፦ የእያንዳንዱን ሰርተፍኬት የማለፊያ ቀን በአንድ ሰንጠረዥ መያዝ፣ 90 ቀን ሲቀር ማስጠንቀቂያ እንዲመጣ ማድረግ፣ የኦርደረሮቹን አንድ በአንድ ማደስ (አንዱ ተቀይሮ ጤነኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሌላው አይነካም)፣ በየቻናሉም መድገም። ይህን የሚሠራ ሰው በስም የተመደበበት ውል የሌለው ኔትወርክ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይገባም።

ምስጢር

ተፎካካሪዎች በአንድ ቻናል ውስጥ ሲኖሩ ዋጋን መደበቅ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጥንድ ቻናል መክፈት መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል፤ በ10 አባል 45 ቻናል ይሆናል፣ ሊያዝ አይችልም። የተሻለው የግል መረጃ ስብስብ የሚባለው ነው፦ ዝርዝሩ የሚመለከታቸው ፒሮች ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ በጋራው መዝገብ ላይ ሃሹ (ከመረጃው ተሰልቶ የሚወጣ አጭር የጣት አሻራ መሰል ኮድ) ብቻ ይታያል።

ወጥመዶቹ ሦስት ናቸው። ዋጋውን በጊዜያዊው መላኪያ መስክ ሳይሆን በተራ መጠየቂያ ከላኩት ሙሉው ዋጋ ብሎኩ ውስጥ ይጻፋል፤ ምስጢሩ ወጣ፣ ተመልሶ አይገባም። ሁለተኛ፣ አንድን ትንሽ ቁጥር ብቻውን ሃሽ ማድረግ መደበቅ አይደለም፤ ዋጋው ከ1 እስከ 100,000 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሁሉንም ሃሽ አድርጎ በቅጽበት ያገኘዋል። ቢያንስ 16 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር አብሮ መጨመር አለበት። ሦስተኛ፣ ሊደርሳቸው የሚገባ ፒሮች አነስተኛ ቁጥር ዜሮ ተብሎ ከተተወ መረጃው በአንድ ፒር ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ያ ዲስክ ሲበላሽ ሃሹ ይኖራል፣ መረጃው የለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ማን ከማን ጋር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገበያይ ከሃሾቹ ብዛት መገመት ይቻላል፤ ይህን የሚፈራ አባል ካለ ከወዲሁ ይወቀው። መልካሙ ዜና 2.5 የግል መረጃን ከነታሪኩ ማጥፋት ማስቻሉ ነው፤ የሾፌር ስልክ ቁጥር የመሰለ የሰው መረጃ ከዚህ ስብስብ ውጭ በምንም ዓይነት መግባት የለበትም።

የሰነድ ቅጂም መዝገቡ ውስጥ አይቀመጥም። የመጫኛ ሰነዱ በተራ ማከማቻ ይቀመጥና 32 ባይት የሆነው ሃሹ ብቻ ይመዘገባል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር አስቂኝ ነው፦ አንዱ ሲስተም ሰነዱን ሲያወጣ አንድ ክፍት ቦታ ይጨምራል ወይም የመስኮቹን ተራ ይቀይራል፣ ሃሹ ይለያል፣ ሁለት ሐቀኛ ድርጅቶች አንዱ ሌላውን በማጭበርበር ይጠረጥራል። ሃሽ ከመደረጉ በፊት ሰነዱ በአንድ የታወቀ ደረጃ ወጥ ቅርጽ ይያዝ።

ስለ መጫኛ ሰነድ ከተነሳ፣ ኤሌክትሮኒክ የሆነው ቢል ኦፍ ሌዲንግ ባለቤትነትን የሚያስተላልፈው ሕግ ሲቀበለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2017 ሞዴል ሕግ አውጥቷል፤ ብሪታንያ በ2023 የራሷን አጸደቀች። መነሻው ወይም መድረሻው አገር ወረቀት ብቻ የሚቀበል ከሆነ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ ባንክ ቤት ዋጋ የለውም።

ወጪ፣ አማራጭና መውጫ

ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ዲስኩና ሰዉ ነፃ አይደሉም። አንድ ክስተት ከነፊርማዎቹና ሰርተፍኬቶቹ 5 ኪሎባይት ቢይዝና በቀን 100,000 ክስተት ቢኖር በቀን 500 ሜጋባይት፣ በዓመት ወደ 180 ጊጋባይት ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ፒር ላይ። ዲስኩ ርካሽ ነው፤ አዲስ አባል ሲገባ ከመጀመሪያው ብሎክ ጀምሮ ሁሉንም እንደገና ማስኬዱ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ከ2.3 ጀምሮ ያለውን የቅጽበት ቅጂ ተጠቅሞ ማስገባት ይቻላል፤ የዚያ ፒር የኋላ ታሪክ ግን ባዶ እንደሚሆን መታወቅ አለበት።

የሙቀት ዳሳሾችን በሚመለከት አጭር ቃል፦ በየደቂቃው የሚመጣውን ልኬት ሁሉ መጻፍ ትርፍ ነው። የሰዓቱን ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ከገደብ ያለፈበትን ደቂቃ፣ ከጥሬ ፋይሉ ሃሽ ጋር መጻፍ ይበቃል። ዳሳሹ ማቀዝቀዣው አፍ ላይ ተለጥፎ ዕቃው መሀል እየሞቀ ከሆነ ብሎክቼይኑ የሚጠብቀው የማቀዝቀዣውን አየር ሙቀት ነው።

አማራጮቹ? አባላቱ ሁለት ከሆኑ የተፈራረሙበት የክስተት ፋይል መለዋወጥ በቂ ነው። የሕዝብ ብሎክቼይን ደግሞ ለማንም ክፍት ስለሆነ ዝርዝር አይጻፍበትም፣ በየግብይቱም ክፍያ አለው፤ በቀን አንድ ጊዜ የመዝገቡን ጠቅላላ ሃሽ ለማስቀመጥ ግን ጥሩ ምስክር ነው። አሜሪካ ለተወሰኑ ምግቦች ያወጣችው የክትትል ደንብ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ብሎክቼይን ግን አያስገድድም። ሻጭ «ሕጉ ያዛል» ቢል ደንቡን አንብቡ።

አስተናጋጅ ኩባንያ መቅጠር ሥራ ያቀልላል፤ ግን አስተናጋጁ ሊዘጋ እንደሚችል ታሪክ ያሳያል። ማይክሮሶፍት የአዙር ብሎክቼይን አገልግሎቱን በመስከረም 2021 ዘጋ፤ አማዞንም ለአንድ ባለቤት መዝገብ ያቀረበውን ኪውኤልዲቢን በሐምሌ 2025 አቆመ። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ፦ የግል ቁልፎቹ በአባሉ እጅ መሆናቸው፣ የብሎክ ፋይሎቹ በየወሩ ወደ አባሉ ማከማቻ መቀዳታቸው፣ አገልግሎቱ ሲቆም ቢያንስ የ6 ወር ማስታወቂያ። አንድ አባል ሲወጣም ሰርተፍኬቱን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ከቻናሉ ማዋቀሪያ መውጣት፣ የፊርማ ደንቡም ያለ እሱ እንደገና መጽደቅ አለበት። ያ ካልተደረገ የወጣው ድርጅት ፊርማ የሚጠበቅባቸው ጭነቶች መዝገቡ ላይ በር ዘግተው ይቀመጣሉ፤ የሚቀሩት አባላት ደግሞ ከሄደው ድርጅት ፊርማ ለመለመን ይገደዳሉ።